ዳኛው ብቻ አልበደለንም

ይህን ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ሰዎች እንደማይወዱት ገና ሳንጀምር እናውቃለን። አንደኞቹ «ኳስ እኮ ነው፤ እርሱት!» የሚሉን ናቸው። ሁለተኞቹ በየሳምንቱ፣ ሲብስባቸውም በየማታው፣ «ዳኛው ባይበድለን ኖሮ ብራዚል ነበርን» የሚሉት ናቸው። አንደኞቹ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ይገኛሉ። ሁለተኞቹን የፈለገ ወደ ነፋስ ስልክ ይውረድ፤ ከጎፋ ማዞሪያ እስከ ሳሪስ፣ ከመካኒሳ እስከ ጀሞ፣ ኳስ በሚያሳይ ቤት ሁሉ ቡናቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። እኛ ከሁለቱም ጋር ክርክር አለን። (ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ለ«እርሱት» ባዮች።

ለመሆኑ ቃሉን አስባችሁበት ታውቃላችሁ? እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሜዳ ላይ ፊሽካ ለሚነፋው አንድ ስም፣ ችሎት ላይ ለሚሰየመው ሌላ ስም አለው። የእኛ ሰው ሁለቱንም «ዳኛ» ብሎ ይጠራል። ይህ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስለንም። በአያቶቻችን ዘመን መንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎች አላፊ አግዳሚውን ዳኛ አድርገው ይሟገቱ ነበር። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ያነሣውን ዱላ ይመልስ ነበር። ከእንዲህ ያለ ሕዝብ የወጣ ቲፎዞ ዳኛ ሲያጋድል አይቶ «በቃ፣ ጨዋታ ነው» ብሎ ቤቱ እንዲገባ መጠበቅ የዋህነት ነው። ሽንፈትንማ ከማንም በላይ ለምዶታል። ያንገበገበው ፍርድ መጓደሉ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ደግሞስ የማይረሳው ምኑ ነው? ብዙዎቻችን ያኔ ሕፃናት ስለነበርን እናስታውስ። ጥር 2005 ላይ ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሱ። የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር ሲጫወቱ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ፤ በዐሥር ሰው ተፋልመው በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጡ። ከናይጄሪያ ጋር ደግሞ እስከ 80ኛው ደቂቃ ገደማ 0 ለ 0 ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠባቸው፤ ሁለቱንም ቪክቶር ሞሰስ አገባ። በሁለተኛው ላይ ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫም በቀይ ወጣ፤ የሚቀየር ሰው ስላልነበረ የሜዳ ተጫዋች ጓንት አጥልቆ ጎል ላይ ቆመ።

ቀጥሎ ጥቅምት 3 ቀን 2006 መጣ፤ እሑድ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም። ለዓለም ዋንጫ የቀሩት ሁለት ጨዋታዎች ብቻ ነበሩ፤ ተጋጣሚያችንም ያችው ናይጄሪያ ነበረች። ዋልያዎቹ የመቷት አንዲት ኳስ የጎሉን መስመር አልፋ ነው የተመለሰችው ተብሎ ስታዲየሙ ጮኸ፤ ዳኛው «ይቀጥል» አለ። በኃይሉ አሰፋ አግብቶ 1 ለ 0 መራን። ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አቻ አደረገ። በ90ኛው ደቂቃ ለእነሱ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፤ እሱንም ኢሜኒኬ አገባው። 1 ለ 2። ነፋስ ስልክ ያችን መስመር ላይ የቀረች ኳስ እስከ ዛሬ እንደ ክስ መዝገብ እየገለጠ ያነባታል።

«እርሱት» ባዮች ሆይ፣ እስቲ አንድ ነገር ንገሩን፤ እንግሊዝ ለምን አልረሳችም? ሰኔ 2002 በደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ፍራንክ ላምፓርድ ጀርመን ላይ የመታት ኳስ መስመሩን በግልጽ አልፋ ሳለ ጎል አልተባለችም። እንግሊዝ ጮኸች፤ ጋዜጦቿ ጮኹ፤ የፊፋው ፕሬዚዳንት ሴፕ ብላተር ይቅርታ ጠየቁ። በሁለት ዓመት ውስጥ የጎል መስመር መሣሪያ ተፈቀደ። ነሐሴ 11 ቀን 2005 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሲከፈት መሣሪያው ሥራ ጀመረ፤ ኳሷ መስመሩን ስታልፍ የዳኛው የእጅ ሰዓት ይነግረዋል። ልብ በሉ፤ ከነሐሴ 11 እስከ ጥቅምት 3 ሁለት ወር እንኳ አይሞላም! የነፋስ ስልክ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ የእንግሊዝ ኳስ በመሣሪያ ስትለካ በቴሌቪዥን ያያል፤ የገዛ አገሩ ኳስ ግን በሰው ዓይን ብቻ ተዳኘች። ብራዚል ላይም፣ በዚያው በ2006 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ መሣሪያው ተተክሎ ነበር። እኛ አልነበርንም።

የአንዱ እሮሮ መሣሪያ ይሆናል፤ የሌላው እሮሮ የቡና ቤት ወሬ ሆኖ ይቀራል። ሰፈሩ ነፋስ ስልክ የተባለው ከሽቦ አልባው ቴሌግራፍ የተነሣ ነው። ግን ሽቦ አልባውም ቢሆን በዚያ በኩል የሚቀበለው ጣቢያ ነበረው። የእኛ እሮሮ ከጎፋ ይነሣል፣ ሳሪስ ይደርሳል፣ ዞሮ ጎፋ ይገባል፤ ተቀባይ ጣቢያ የለውም። «እርሱት» የሚለን ሰው፣ የማን ጩኸት እንደሚሰማና የማን እንደማይሰማ ሌሎች የወሰኑትን አሜን ብለን እንድንቀበል ነው የሚጠይቀን። አንቀበልም።

አሁን ወደ ሁለተኞቹ፣ ወደ «ዳኛው በደለን» ባዮች። ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ናችሁ፤ ስለዚህ አንሸነግላችሁም።

ዛምቢያ ላይ ጀማል በወጣበት በዚያው አጋማሽ ዳኛው ለእኛም ፍጹም ቅጣት ምት ሰጥቶን ነበር፤ ሳላዲን ሰኢድ መታው፣ ግብ ጠባቂው አዳነው። ሳላዲንን ለመውቀስ አይደለም፤ ኳስ ነው፣ ይሳታል። ነገር ግን ፊሽካው ለእኛም ተነፍቶ ነበር። ቡርኪና ፋሶ ላይማ በቀይ የወጣው የእነሱ ግብ ጠባቂ ነው። 1 ለ 0 እየመሩ በዐሥር ሰው ቀሩ፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ጎል አግብተውብን 4 ለ 0 ተሸነፍን። ስለ ዳኛ በሚወራበት ማታ ይህን ጨዋታ የሚያነሣ ሰው አለ? ኅዳር 2006 ካላባር ላይ በመልሱ ጨዋታ 2 ለ 0 ተሸንፈናል። የአዲስ አበባዋ ኳስ ጎል ተብላ ብትመዘገብና የቀረው ሁሉ እንዳለ ቢሆን እንኳ ድምሩ 4 ለ 2 ነው። ሒሳቡን የጠረጠረ ይደምረው።

ከሁሉም በላይ ሰኔ 2005ን እናንሣ። ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በሜዳዋ አሸነፍን። ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን እዚሁ 2 ለ 1 አሸንፈን ከተማው በጭፈራ ተናወጠ። ብዙም ሳይቆይ ወሬው መጣ፤ ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ ስለነበረበት ቦትስዋና ላይ መሰለፍ አልነበረበትም። ፌዴሬሽኑም ስህተቱን አመነ። ሦስት ነጥብ ተነጠቅን፤ ያሸነፍነው ጨዋታ 3 ለ 0 ለቦትስዋና ተጻፈ። እዚያ ላይ ፊሽካ የነፋ ማንም የለም። የጠፋው ሁለት ቢጫ የሚቆጥር አንድ ሰው፣ አንድ እርሳስና አንድ ደብተር ነው! በዚያ ቢሮ ላይ የተነሣው ቁጣ ስንት ሳምንት ቆየ? በዳኛው ላይ የተነሣውስ ስንት ዓመት?

ስታዲየሙስ? ኅዳር 2014 ከጋና ጋር «በሜዳችን» የተጫወትነው ጆሃንስበርግ ነው፤ በአገራችን ደረጃውን የሚያሟላ ሜዳ የለም ተብሎ። ሰኔ 2014 ግብጽን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ጎሎቹን ያገቡት ማላዊ ውስጥ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ከጎፋ በታክሲ ስታዲየም የሚደርሰው ልጅ ግብጽ ስትሸነፍ በዓይኑ አላየም። ይህን የወሰደብን የትኛው ዳኛ ነው?

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ዳኛ ሜዳ መሀል ብቻውን ቁምጣ ለብሶ ይታያል። ካርድ ያልቆጠረው፣ ሜዳ ያላሠራው፣ ዳኛ ያላሠለጠነው ግን ጠረጴዛ ኋላ ነው፤ አይታይም። ስታዲየሙ ሙሉ «ዳኛ ሌባ!» ብሎ በጮኸ ቁጥር ባለ ጠረጴዛው ተመስገን ይላል።

ነገሩ በአፍ ብቻ ቢያበቃ ባልከፋ። ሚያዝያ 2010 በመከላከያና በወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ ጨዋታ ላይ በአንድ ጎል ውዝግብ ዳኛ ተደበደበ፤ የሊጉ ጨዋታዎችም ታገዱ። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላው ኢትዮጵያዊ ዳኛ በአምላክ ተሰማ ለሩሲያው የዓለም ዋንጫ ተመርጦ ሁለት ወር ነበር የቀረው። እስቲ ይህን አስቡት። ሥዩም ታረቀኝ በ1962 ሜክሲኮ ላይ ስዊድንና እስራኤልን በዓለም ዋንጫ አጫውቷል። ሊዲያ ታፈሰ በ2007 እና በ2011 በሴቶች የዓለም ዋንጫ ዳኝታለች። ቡድናችን ያልረገጠውን የዓለም ዋንጫ የረገጡት ዳኞቻችን ናቸው! እንግዲህ በአገር ቤት «ሌባ» የምንለው ይህንኑ ወገን ነው።

የዳኛ ነገር ሌላም ያስታውሰናል። መጋቢት 21 ቀን 2013 አቢጃን ላይ ከኮትዲቯር ጋር ስንጫወት 3 ለ 1 እየተመራን፣ 80ኛው ደቂቃ ላይ ጋናዊው ዳኛ ቻርልስ ቡሉ ሜዳ ላይ ወደቀ። በአልጋ ተሸክመው አወጡት፤ ጨዋታው ተቋረጠ። ማዳጋስካርና ኒጀር እኩል ስለወጡ እኛ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን፤ ከተማውም ጨፈረ። ጭፈራው ይገባ ነበር። ግን በዚያ ምሽት የሰውየውን ስም ጠይቆ የተኛ ስንት ሰው ነው? የበደለንን ዳኛ ዐሥር ዓመት የሚያስታውስ ሕዝብ ሙቀት ውስጥ ሲሮጥ የወደቀውን ለአንድ ቀን ቢያስታውስ ምን ይጎድልበታል?

ታዲያ ምን ይደረግ? «ዝም በሉ» አላልንም። ቁጣው ወረቀት ይሁን ነው የምንለው።

የጨዋታ ሕግ፣ ጎል ገብቷል አልገባም በሚለው ጉዳይ ላይ የዳኛው ውሳኔ የመጨረሻ ነው ይላል፤ በጩኸት አይሻርም። ነገር ግን በማስረጃ የሚሻር ነገር አለ። ኅዳር 2009 ደቡብ አፍሪካ ሴኔጋልን 2 ለ 1 ያሸነፈችው ዳኛው ባልነበረ የእጅ ንክኪ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጥቶ ነው። ምርመራ ተደረገ፤ ዳኛው ጨዋታውን አዛብቷል ተብሎ ዕድሜ ልኩን ታገደ፤ ጨዋታው ከዓመት በኋላ ተደገመ፤ ሴኔጋል 2 ለ 0 አሸንፋ ዓለም ዋንጫ ገባች። ያችው ደቡብ አፍሪካ ኅዳር 2014፣ በእኛው ምድብ፣ ጋና ላይ ስለተሰጠባት ፍጹም ቅጣት ምት አቤት ስትል ግን አቤቱታው በደንቡና በጊዜው አልቀረበም ተብሎ ሳይመረመር ተመለሰ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኛ ገና ወረቀቱን አልያዝንም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። የሊጉ ዳኛ የሚከፈለው፣ የሚሠለጥንበትና የሚጠበቅበት መንገድ በግልጽ ይነገር። አወዛጋቢ ውሳኔ ሲኖር የዳኞች ኮሚቴ በሳምንቱ ውስጥ ምክንያቱን ለሕዝብ ያስረዳ። ካርድ የሚቆጥር፣ የአቤቱታ ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ከቡድኑ ጋር ይጓዝ፤ ስሙም ይታወቅ። የሕግ ተማሪዎች የውድድር ደንቦቹን በአማርኛ ተርጉማችሁ በየሰፈሩ ለጥፉ። የምሕንድስና ተማሪዎች ለሰፈር ውድድር በርካሽ የሚተከል የጎል ካሜራ ሞክሩ። በነፋስ ስልክ የክረምት ውድድር ላይ በሁለት ድንጋይ መካከል ፊሽካ ይዞ የሚቆመውን ልጅ ደግሞ አትስደቡት፤ ነገ በዓለም ዋንጫ የሚቆም እሱ ሊሆን ይችላል።

የጥቅምት 3ቷን ኳስ አንረሳትም። ከእንግዲህ ግን ስታዲየም ውስጥ ከጎናችሁ ያለው ሰው «ዳኛ ሌባ!» ብሎ ሲነሣ፣ ቀስ ብላችሁ ጠይቁት፤ «ወንድሜ፣ ካርዱን ማን ይቆጥር ነበር? ሜዳውንስ ማን ማሠራት ነበረበት?»