በግንባር ወይስ በቪዲዮ?

ፋርማሲ ያጠና ወጣት ዲግሪውን ተቀበለ ማለት ትምህርቱን ፈጸመ ማለት አይደለም። መድኃኒት ከመደርደሪያ አንሥቶ መስጠት አንድ ሥራ ነው፤ በሕሙማን አልጋ አጠገብ ከሐኪሙ ጋር ቁሞ የመድኃኒቱን መጠን መመርመርና ሁለት መድኃኒቶች ተገናኝተው ጉዳት እንዳያመጡ መጠበቅ ግን ሌላ ሙያ ነው። ለዚህ ሙያ በአገራችን ጅማና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች በክሊኒካል ፋርማሲ የማስተርስ ትምህርት ይሰጣሉ። በአሜሪካም «ሬዚደንሲ» የሚባል፣ በሆስፒታል ውስጥ የሚሰጥ የአንድ ዓመት ሥልጠና አለ፤ የበለጠ የሚሻ ሁለተኛ ዓመት ይጨምርበታል።

ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ስለ ሆነ የአሜሪካኑ አመልካች በቃለ መጠይቅ ይመዘናል። ቀድሞ ልብሱን አሳምሮ በግንባር ይቀርብ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ከመጣ ወዲህ ግን ሆስፒታሎቹ ጥያቄውን በቪዲዮ አደረጉት። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ አንዳንዶቹ በዚያው ቀጠሉ፤ አንዳንዶቹ ወደ ቀድሞው ተመለሱ፤ ሌሎቹም ምርጫውን ለአመልካቹ ተዉለት። የትኛው ይሻላል? ጥያቄው የእኛም ነውና ከጣና ዳር ሁነን እንመዝነው።

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለ። ለግማሽ ሰዓት ጥያቄ ሲባል የመሳፈሪያ፣ የአልጋና የምግብ ወጪ፣ ከሥራም የጥቂት ቀናት ፈቃድ ያስፈልጋል። ደመወዙ ከወር ወር ለማያደርሰው ጀማሪ ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አሜሪካ ሲሆንማ ቪዛው ራሱ ከቃለ መጠይቁ የባሰ ፈተና ነው። በቪዲዮ ከሆነ ግን በኒውዮርክ በጥር ወር ከጧቱ 3 ሰዓት የሚጀመረውን ጥያቄ የባሕር ዳሩ ወጣት ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከቤቱ ሁኖ ይመልሳል።

ይሁን እንጂ የቪዲዮውም መንገድ ይዘጋል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሳል። በደኅናውም ቀን ቢሆን መብራት ሲጠፋና ድምፅ ሲቆራረጥ፣ የሚያውቀው አመልካች እንደማያውቅ ይቆጠራል።

ሁለተኛም፣ ጠያቂው አመልካቹን እንደሚመረምር አመልካቹም ቦታውን ሊመረምር ይገባዋል። ከሩቅ አገር ሁኖ በባሕር ዳር በጥበበ ግዮን ሆስፒታል ለመሥራት የሚያስብ ሰው፣ ፋርማሲስቱ ከሐኪሙ ጋር አልጋ ለአልጋ ይዞር እንደ ሆነ ወይም ከመስኮቱ ኋላ ብቻ ይውል እንደ ሆነ በዓይኑ ቢያይ ይሻለዋል። ነባር ሠራተኞች አለቃቸው በሌለበት የሚናገሩትም በቪዲዮ አይሰማም።

ከሁሉ የከፋው ግን አንዱ በግንባር፣ ሌላው በቪዲዮ ተጠይቀው ሁለቱ በአንድ ዝርዝር ሲሰለፉ ነው። የመጣው ከጠያቂዎቹ ጋር ቡና ጠጥቶ ተጫውቷል፤ ያልመጣው በትንሽ ሳጥን ውስጥ የታየ ፊት ሁኖ ቀርቷል። ምርጫ ተሰጥቷል ቢባልም፣ መሳፈሪያ የሌለው ሰው ምን ምርጫ አለው?

ስለዚህ በበኩሌ፣ ጥያቄው ለሁሉም በቪዲዮና በአንድ ዓይነት መልክ ይሁን፤ መስመር ለተቋረጠበትም ሁለተኛ ቀጠሮ አስቀድሞ ይወሰን እላለሁ። የጠያቂዎቹ ማርክ ተሰጥቶ ከታሸገ በኋላ፣ የቻለ ሄዶ ሆስፒታሉን ይጐብኝ፤ ያልቻለም በዚህ አይጐዳ።

እስከዚያው ድረስ አንተም አንቺም አመልካቾች ሆይ! በቪዲዮ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት መስመሩን ሞክሩ፤ ባትሪ ሙሉ፤ የጠያቂዎቹን ስልክ ቁጥር ያዙ፤ በሰዓቱም ልዩነት አትሳሳቱ። በግንባር ከሆነ ዋዜማውን ግቡ። በሁለቱም ግን «ጥያቄ አላችሁ?» ስትባሉ ዝም አትበሉ፤ «ፋርማሲስቱ ቀኑን የሚያውለው የት ነው?» በሉ። መልሱ «ከመስኮቱ ኋላ» ከሆነ፣ ለሥልጠና የምትመርጡት ቦታ ይህ መሆኑን ደግማችሁ አስቡበት።