ጣቱ የተቀባ፣ ስሙ ያልተጻፈ ልጅ

እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ፖሊዮ፣ የልጅነት ልምሻ የምንለው በሽታ፣ ከሶማሊያ ተነሥቶ ድንበር ተሻገረ። በዚያና በተከታዩ ዓመት በኬንያ 14፣ በኢትዮጵያ 10 ሰዎችን ያዘ። ክትባት ሰጪዎች የበረዶ ሣጥናቸውን በትከሻቸው አንግተው ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ከደጅ ደጅ ዞሩ። በር አንኳኩተው የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ከአምስት ዓመት በታች ልጅ አለ ወይ?» ሁለት ጠብታ በአፉ፣ ቀለም በጣቱ፣ ጠመኔ በበሩ። የአባትህ መታወቂያ የታለ፣ የእናትህ ስልክ ስንት ነው ያለ አልነበረም። ወረርሽኙም ተገታ።

ይህን የማነሣው ያለፈውን ለማወደስ አይደለም። ዛሬ ሕፃናትን በመንግሥት የጤና መድን ለማስገባት የሚደረገው ቅስቀሳ የዚያን ዘመቻ ትምህርት በመርሳቱ ነው። ያን ጊዜ ዘመቻው ወደ ልጁ ይሄድ ነበር፤ ዛሬ ልጁ ወደ ዘመቻው እንዲመጣ ይጠበቃል፤ ያውም ወረቀትና ስልክ ያለው ወላጅ አስከትሎ።

በሕጉ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። እ.ኤ.አ. የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 53 ማንኛውም ሕፃን የጤና እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል። እ.ኤ.አ. የ2023 የማኅበራዊ ጤና መድን ሕግ ደግሞ ከእንግዲህ የሚወለድ ሕፃን ገና ሲወለድ እንዲመዘገብ ያዛል። ከ1966 ጀምሮ የነበረው የሆስፒታል መድን ፈንድ ቀርቶ፣ በተለምዶ «ሻ» የምንለው የማኅበራዊ ጤና ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2024 ሥራ ጀመረ። ወረቀቱ ያማረ ነው። ችግሩ ወረቀቱ ወደ ሞያሌ ሲወርድ ነው።

የምዝገባው መነሻ ሕፃኑ አይደለም፤ መታወቂያና ስልክ ያለው ወላጅ ነው። ልጁ የሚገባው በወላጁ ጥገኛነት፣ በልደት ወረቀቱ አማካይነት ነው። ይህ አሠራር ለናይሮቢ ደመወዝተኛ እንከን የለውም። በእኛ አገር ግን መታወቂያ ማውጣት ራሱ የዕድሜ ልክ ክርክር ሆኖ ቆይቷል። የድንበር አውራጃ ነዋሪ ዜግነቱን በልዩ አጣሪ ኮሚቴ ፊት እንዲያስረዳ የሚያስገድደው አሠራር እንዲቀር ፕሬዚዳንቱ ያዘዙት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ነው። ከዚያ በፊት ሲንከራተቱ የኖሩ ወላጆች ልጆች ግን ትእዛዙን ጠብቀው አልተወለዱም። በቤት የተወለደ ሕፃን በስድስት ወር ውስጥ ካልተመዘገበ ጉዳዩ የዘገየ ምዝገባ ይሆናል፤ ተጨማሪ ማስረጃ፣ ተጨማሪ ምልልስ ይጠይቃል። እንግዲህ አባቱ መታወቂያ የሌለው ልጅ የማን ጥገኛ ይባል?

በቅርቡ በአንድ ሰፈር በተተከለ የምዝገባ ድንኳን ለአንዲት እናት እንዳስተረጉም ተጠርቼ ነበር። መዝጋቢው በስዋሂሊ «ቢማ ያ አፍያ» ይላል። ሴትየዋ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ወንድሜ፣ ቢማ የመኪና አይደለም እንዴ? እኔ መኪና የት አለኝ?» አሉኝ። መድን ማለት ምን እንደ ሆነ እንደ አቅሜ አስረዳሁ። ጥቂት አሰቡና፣ «ታዲያ እድር ነዋ! ለሞተ ሳይሆን ለታመመ የሚከፈል እድር» አሉ። በትርጉም ሥራ ሃያ ዓመት ስቆይ ከዚህ የተሻለ ትርጉም አልሰማሁም። ነገሩ ከገባቸው በኋላ ግን ልጆቹ አራት፣ የልደት ወረቀት ያለው አንዱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አባትየው ከብት ይዞ ርቋል፤ መታወቂያውም ከእርሱ ጋር ነው። የእርሳቸው ገና አልወጣም። መዝጋቢው ጨዋ ልጅ ነበር፤ ጥፋቱም የእርሱ አልነበረም። በእጁ የያዘው መሣሪያ ክፍት ቦታ አይቀበልም። ሴትየዋ ሌላ ቀን እንዲመጡ ተነግሯቸው ሄዱ። ቅስቀሳው አልተሳካም አይባልም፤ ሰምተዋል፣ ተረድተዋል፣ ፈቅደዋል። የቀረው መመዝገቡ ብቻ ነው!

እ.ኤ.አ. በ2025 በመላው ኬንያ የተመዘገበው ሕዝብ ከ20 ሚሊዮን ማለፉ ሲነገር ጭብጨባው ደመቀ። ነገር ግን መመዝገብና መድን ማግኘት አንድ አይደሉም። በጤና ጣቢያ ለሚሰጠው ቀላል ሕክምና መመዝገብ ይበቃል። ልጁ በሳንባ ምች ተይዞ ሆስፒታል አልጋ ሲያስፈልገው ግን መዋጮው የተከፈለ መሆን አለበት። ደመወዝተኛ ያልሆነ ቤተሰብ ቢያንስ በወር 300 ሺልንግ፣ የዓመቱን 3,600 በአንድ ጊዜ እንዲከፍል ነው የተደነገገው። በግመልና በፍየል የሚኖር ሰው በድርቅ ዓመት ይህን ከየት ያመጣዋል? ሕጉ ለችግረኛው መንግሥት ይክፈልለት ይላል። ችግረኛው ማን እንደ ሆነ ለመለየት ግን መጀመሪያ ደጁን ማንኳኳት ያስፈልጋል።

ይህን ስናገር ሁልጊዜ የሚመጣብኝ መልስ አለ፤ «በሩን ካላላነው ከማዶ ያለው ሁሉ ይጎርፋል።» ለዚህ ሦስት መልስ አለኝ። አንደኛ፣ ከ12 ወር በላይ በኬንያ የኖረ የውጭ ዜጋም በመድኑ መግባት እንደሚችል ያው ሕግ ይፈቅዳል። ሁለተኛ፣ ማን ከማን ዘንድ እንደ ጎረፈ ታሪክ እንጠይቅ። በ2013 መጨረሻ በዚህ በኩል ግጭት ሲነሣ ወደ ማዶ የሸሸነው እኛ ነን። በማርች 2018 በማዶው ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች ሲገደሉ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ወደዚህ ተሰደዱ። ሦስተኛ፣ ኩፍኝና ፖሊዮ ኬላ ላይ ቆመው ፓስፖርት አያስመቱም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 የሁለቱ አገር መሪዎች መጥተው የጋራ የድንበር ኬላ ሲመርቁ፣ የጭነት መኪና በአንድ መስኮት ጉዳዩን ጨርሶ እንዲያልፍ ነበር። ለሲሚንቶና ለባቄላ አንድ መስኮት ከተቻለ፣ ለሕፃን ስለ ምን አይቻልም?

ነቀፌታዬ ግን በመንግሥት ላይ ብቻ አያበቃም። በፊደል የምናነብ፣ በየወሩ እድር የምንከፍል እኛስ? የእድር መዋጮ አንድ ወር ብናስተጓጉል እንቀጣለን፤ ሐፍረቱም ከቅጣቱ ይብሳል። ድንኳኑ፣ ሰሐኑ፣ ንፍሮው ለሞታችን የተዘጋጀ ነው። ለልጆቻችን ሕመም ግን «እግዜር ያውቃል» እንላለን። የመድኑ ዝቅተኛ መዋጮ በቀን ሲመታ 10 ሺልንግ ነው። ለአንድ ከሰዓት ጫት የምናወጣው ገንዘብ የስንት ቀን መዋጮ እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ያስላው። ድሀው ቸግሮት ነው የቀረ፤ አቅም እያለን የዘገየን ግን በምን እናመካኛለን? ሬሳ በክብር ለመቅበር የተደራጀ ሕዝብ፣ ሕፃን በሕይወት ለማቆየት መደራጀት አያቅተውም።

አርአያ ለመፈለግም ሩቅ መሄድ አያሻም። በኢትዮጵያ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ሲጀመር፣ አባልነቱ የቤተሰብ ሆነ። መክፈል የማይችለውን ድሀ የሚመርጠው ጎረቤቱ ነው፤ የእርሱን መዋጮም ወረዳውና ክልሉ ይሸፍናሉ። ጉድለት የለበትም አልልም፤ መድኃኒት ጠፋ የሚል እሮሮ እዚያም አለ። ነገር ግን ድሀውን የሚያውቀው ከስልክ ጀርባ ያለ ማሽን ሳይሆን ጎረቤቱ መሆኑን ተረድቷል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በመላው አገሪቱ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ የማኅበረሰብ ጤና አስተዋዋቂዎች ተሰማርተዋል። በየደጁ የሚዞሩ እነርሱ ናቸው፤ ስለዚህ የልደት መዝጋቢው ከእነርሱ ጋር ይዙር። የልደት ወረቀቱና መድኑ በአንድ ቀን፣ በአንድ ደጅ ይለቅ። ቅስቀሳው በቦረንኛ፣ በሶማሊኛ፣ በቡርጂኛና በአማርኛ ይሁን፤ ያልገባውን ሰው አልፈለገም ብሎ መጻፍ ግፍ ነው። ወላጁ መታወቂያ ባይኖረውም ልጁ በራሱ ስም ይመዝገብ፤ የወላጁ ጉዳይ ኋላ ይታያል። እድሮቻችንም በሚቀጥለው ስብሰባቸው አንድ ገጽ ይጨምሩ፤ በየአባሉና በየጎረቤቱ ቤት ያሉትን ልጆች ስም፣ መድን ያለውንና የሌለውን፣ ለማን መዋጮ ማሟላት እንደሚገባ የሚያሳይ ገጽ።

ያ በ2013 ጣቱን ቀለም የተቀባ ሕፃን ዛሬ ጎረምሳ ነው። ቀለሙ በሳምንቱ ታጥቦ ጠፍቷል። ስሙ ግን እስከ ዛሬ በየትኛውም መዝገብ ላይሰፍር ይችላል። የእርሱ ታናናሾች ዛሬ በየቤታችን አሉ፤ እነርሱን እንኳ እንጻፋቸው።