ስለ አንጀት መቈጣት

ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ለብዙ ወራት ሲመላለስ፥ በየቤቱ «አሜባ ነው» ተብሎ ይታለፋል። አንዳንድ ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን በ1932 ዓመት (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ዶክቶር ክሮን ከሁለት ባልንጀሮቻቸው ጋራ በኒው ዮርክ የገለጡት፥ ዛሬም በስማቸው የሚጠራው የአንጀት ደዌ አለ። በዚህ ደዌ አንጀቱን የሚያቈስለው የሰውነት የገዛ ራሱ ቍጣ ነው።

ነገሩን ለመረዳት፥ በ1986 ዓመት ሴንና ባልቲሞር የተባሉ ሊቃውንት ያገኙትን ኤን ኤፍ ካፓ ቢ የሚባለውን ፕሮቲን ማወቅ ያሻል። በሰላም ጊዜ አይ ካፓ ቢ የሚባል ሌላ ፕሮቲን እንደ እልፍኝ አስከልካይ ሆኖ ከደጅ ያቈየዋል። ተሐዋስ በገባ ጊዜ ግን ጠባቂው ይፈርስና፥ የተለቀቀው ፕሮቲን ወደ ሕዋሱ አስኳል ገብቶ የክተት ነጋሪት ያስመታል። ቲ ኤን ኤፍ የተባለው መልእክተኛም ወጥቶ ነጭ የደም ሕዋሳትን ወደ ቍስሉ ይጠራል። እኛን እጅግ ያስደነቀን ግን፥ ይኸው ነጋሪት ራሱን ዝም የሚያሰኙትን ፕሮቲኖች ጭምር ማሠራቱ ነው። ከነዚህም አንዱ ኤ 20 ይባላል፤ በ2000 ዓመት እንደ ተገለጠው፥ ይህ ፕሮቲን እንዳይኖራቸው ተደርገው የተወለዱ አይጦች በብርቱ መቈጣት ገና በልጅነታቸው ሞቱ። ጠላት ከሄደ በኋላ ያልተበተነ ሠራዊት ባላገሩን እንዴት እንደሚፈጅ ታሪክ ያነበበ ሰው፥ ይህን ለማስተዋል አይቸግረውም።

እንግዲያውስ ነጋሪቱን ፈጽሞ ማስቆም ይሻላልን? በ1998 ዓመት በአሜሪካ ለክሮን ደዌ የተፈቀደው፥ ቲ ኤን ኤፍን የሚይዘው ኢንፍሊክሲማብ የተባለው መድኃኒት ለብዙ ሕሙማን ዕረፍት ሰጥቷል። ዳሩ ግን በ2001 ዓመት፥ መድኃኒቱን ከወሰዱት በአንዳንዶቹ ላይ ተደብቆ የኖረ የሳንባ ነቀርሳ እንደ ተነሣባቸው ተጻፈ፤ የነቀርሳውን ተሐዋስ ከብቦ የሚያስረውን አጥር የሚያጸናው ቲ ኤን ኤፍ ነውና። ስለዚህ ሐኪሞች መድኃኒቱን ሳይሰጡ አስቀድመው ነቀርሳን ይመረምራሉ።

ነቀርሳ በበዛበት በአገራችን ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ሊሆን ይገባዋል። የአንጀት ነቀርሳና የክሮን ደዌ በመልክ እጅግ ስለሚመሳሰሉ፥ ለአንዱ የታዘዘው መድኃኒት ሌላውን ሊያባብሰው ይችላል። ተቅማጡ ሳምንታት ያለፈው፥ ሰውነቱም የከሳ ሰው ያለበት ቤት በሰገራ ምርመራ ብቻ አይወሰን፤ ከዚህ ቀደም በቤተ ሰቡ ነቀርሳ የታመመ እንደ ነበረም፥ በኀፍረት የሚሸሸግ ነገር መሆኑን ብናውቅ፥ ለሐኪሙ ሳይጠየቅ ይንገር።