የናፍጣው ሞተር ጸጥታ ለማን ነው?

ማንኛውም የሰው ልጅ የሥራ ውጤት የሚመዘነው በውጫዊ ድምቀቱ ሳይሆን በሚሰጠው አገልግሎት ነው። ለድርጅት ኃላፊዎችና ለባለጸጎች በሚመረቱ አውቶሞቢሎች ላይ የሚገጠመውን ጭምት የናፍጣ ሞተርም በዚሁ ሚዛን ልንመረምረው ይገባል።

እንደሚታወቀው የናፍጣ ሞተር ያደገው በከባድ ሥራ ላይ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ ያሳካው ይህ ሞተር ካንዴላ አይሻም። በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው አየር ይግላል፤ የሚረጨውም ናፍጣ በዚያው ግለት ይቀጣጠላል። በመሆኑም ከቤንዚን ሞተር ያነሰ ነዳጅ እየተጠቀመ ከባድ ሸክም ይጎትታል። ለረጅም ዘመን ቦታው መርከብ፣ ትራክተርና የጭነት መኪና ነበር። መንቀጥቀጡ፣ ማንኳኳቱና ጥቁር ጭሱ ከሹማምንት ደጃፍ አርቀውት ኖረዋል።

መርሴዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1936 «260 ዲ» የተባለውን ባለ45 የፈረስ ጉልበት የናፍጣ አውቶሞቢል ሲያቀርብ የነዳጅ ቁጠባውን በቅድሚያ የተረዱት ታክሲ ነጂዎች ነበሩ። ከ1976 አንስቶ ለአሥር ዓመታት ያህል የተመረተው «ደብልዩ 123» ደግሞ በታክሲ ተራም በኃላፊዎች ግቢም ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 በአልፋ ሮሜዮ 156 ላይ ናፍጣውን በአንድ የጋራ ቧንቧ በከፍተኛ ግፊት የሚያከማቸውና መጥኖ የሚረጨው ዘዴ ሲገጠም ማንኳኳቱ ለዘበ። በኋላ ወንበር የተቀመጠው ሰው ጋዜጣውን ሳይረበሽ ማንበብ ቻለ።

ይህ መስህብ የሚናቅ አይደለም። ቁጠባና ጥንካሬ የሠራተኛው የዘወትር እሴቶች ናቸው፤ ጸጥታውም የመሐንዲሶችና የፋብሪካ ሠራተኞች የዓመታት ድካም ፍሬ ነው።

ይሁን እንጂ ጸጥታው ለማን ነው? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል አረጋግጧል። ይህ እየታወቀ ሳለ በ2015 አንድ ታላቅ ቅሌት ተጋለጠ። የቮልስዋገን ኩባንያ ዓለም አቀፍ ቁጥራቸው 11 ሚሊዮን ያህል በሆነ የናፍጣ መኪኖች ላይ ምርመራን የሚያታልል የኮምፒዩተር ፕሮግራም መገኘቱን አመነ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ባወጣው ክስ ውስጥ ለኃላፊዎች የተሠራው ኦዲ ኤ6 ሳይቀር ተካትቷል። በመመርመሪያ ጣቢያ ንጹሕ መስሎ የሚታየው ሞተር በአውራ ጎዳና ላይ ከተፈቀደው እስከ ዘጠኝ እጥፍ የሚደርስ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ይለቅ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ የሞተሩን ጠባይ ከሁሉ አስቀድመው የሚያውቁት የሠሩት ራሳቸው ነበሩ።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው ጥፋቱ የቴክኒክ ድክመት ብቻ አለመሆኑን ነው። ድምፅን ያለዘበ ዕውቀት ጭስን ለመቀነስም አያንስም። የጎደለው ከመስታወቱ ውጭ ላለው ሰው ማሰብ ነው። ተሳፋሪው መስኮቱን ዘግቶ ይሄዳል፤ መንገድ ጠራጊዋ፣ አውቶቡስ ጠባቂውና ተማሪው ግን የተረፈውን ይተነፍሳሉ።

በመሆኑም የአንድ አውቶሞቢል ጭምትነት በወንበሩ ልስላሴ ብቻ ሊለካ አይገባም። ከውስጥ ጸጥ ያለው ከውጭም ንጹሕ መሆኑ በአውራ ጎዳና ላይ መመርመር አለበት። የመንገዱ ዳር የጋራችን ነውና፣ ይህን መጠየቅ የሁላችንም መብትና ግዴታ ነው።