በቃል የተጠና የኋላ ማርሽ

በዱባይ ከተማ ኢንተርናሽናል ሲቲ በሚባለው፣ መንደሮቹ የቻይና፣ የሩሲያ፣ የፋርስ፣ የግሪክና የሌሎችም አገሮች ስም በተሰጣቸው ሰፈር፣ ከሥራ መልስ ሻይ ላይ በሚሰበሰቡ ያገራችን ልጆች መካከል ዘወትር የሚነሣ ነገር ቢኖር የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ነው። በጅቡቲ መንገድ ላይ ዓመታት የተመላለሰ ሹፌር እንኳ ወደዚህ ሲመጣ ያገሩ ፈቃድ እንዲሁ ስለማይለወጥለት ፈተና መቀመጡ አይቀርለትም። ይህንን ሥርዓት ልንነቅፍ አልተነሣንም፤ ሠላሳና አርባ ቶን የሚጎትት ሰው ሳይፈተን መንገድ ላይ ይውጣ የሚል አእምሮ ያለው የለምና። የምንነቅፈው ፈተናው የሚታለፍበትን ትምህርት፣ ይልቁንም ተሳቢን ወደ ኋላ አስገብቶ ማቆም የሚማሩበትንና ዛሬ እንደ ትክክለኛ መንገድ የተቆጠረውን የምልክት ልማድ ነው።

አንድ ምሽት አንድ ጎበዝ ሁለት የክብሪት ቀፎ በጠረጴዛ ላይ አያይዞ፣ አንዱን ጎታች ሌላውን ተሳቢ አድርጎ፣ ለባልንጀሮቹ ያስተምር ነበር። «ሁለተኛው ኮን በቀኝ ስፖኪዮ መሐል ሲገባ መሪውን አንድ ዙር ተኩል ወደ ግራ፤ የተሳቢው የኋላ ጎማ መስመሩ ላይ ሲደርስ መልስ፤ ከዚያ እስኪያልቅ ወደ ቀኝ» ይላቸዋል፤ እነርሱም ቃል በቃል ይቀበሉታል። ኮኑ አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ ቢልስ ብለን ብንጠይቀው፣ ሳያመነታ፣ «ኮኑማ አይነሣም፣ ጋሼ» ብሎ መለሰልን።

እውነቱን ነው፤ በመለማመጃው ሜዳ ኮኑ አይነሣም። ክፉው ነገርም ይኸው ነው። ከዚሁ ሰፈር አጠገብ ድራገን ማርት የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. የተከፈተውና ርዝመቱ 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የገበያ አዳራሽ ይገኛል፤ ከጀበል አሊ ወደብ ኮንቴይነር ጭኖ በዚያ ጀርባ የሚደርስ ሹፌር የሚጠብቀው ኮን ሳይሆን ያለ ቦታው የቆመ ፒክአፕ፣ መሐል መንገድ የተራገፈ ዕቃ፣ ከኋላው ደግሞ ጥሩንባ የሚያሰማ ትዕግሥት የለሽ ሰው ነው። አንድ ዙር ተኩል የሚለው ትእዛዝ በዚያ ምን ይፈይድለታል?

የነገሩ ምስጢር የጠለቀ አይደለም፤ ነገር ግን ለተማሪው የሚነግረው ጥቂት ነው። ጎታቹና ተሳቢው የሚያያዙት በአንድ ማጠፊያ ሲሆን፣ ሹፌሩ ወደ ኋላ እየሄደ መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞር የጎታቹ ጀርባ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ማጠፊያውም አብሮ ወደ ቀኝ ስለሚገፋ የተሳቢው ጫፍ ወደ ግራ ይዞራል። መታጠፍ ከጀመረ በኋላ ሹፌሩ በጊዜ አቅጣጫ ቀይሮ ካልተከተለው ማዕዘኑ በራሱ እየጠበበ ሄዶ ተሳቢው ከካቢኑ ጋር ይጋጫል። እንግዲህ ጥበቡ ሁሉ የሚያርፈው መሪው ስንት ጊዜ ዞረ በሚለው ላይ ሳይሆን፣ በሁለቱ አካላት መካከል ያለው ማዕዘን አሁን እየሰፋ ነው ወይስ እየጠበበ የሚለውን በስፖኪዮ ውስጥ ለይቶ በማየት ላይ ነው። ይህንንም ለይቶ ያየ ሰው መሪውን ስንት ዙር እንዳዞረ ቢጠየቅ አያውቀውም፤ ሊያውቀውም አይገባውም።

ያገራችን ሹፌር ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። በኤን ትሬና በኢቬኮ ላይ ያደገው ሹፌር የሚያውቀው ተሳቢ በአራት ማዕዘኑ ጎማ ያለው፣ የፊት እግሩም በመጎተቻው ዘንግ እየተመራ የሚዞር ነው፤ ስለዚህ ማጠፊያው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። በዚያኛው ላይ መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር ዘንጉ ወደ ግራ ይመራል፤ ተሳቢው ግን በስተመጨረሻ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ይኸው ሹፌር ዱባይ መጥቶ ባለ አንድ ማጠፊያውን ሲይዝ፣ እጁ ዓመታት የለመደው ሁሉ ተገልብጦ ይጠብቀዋል። ምክንያቱን የሚነግረው መምህር ቢያገኝ የግማሽ ቀን ነገር ነበር፤ የሚያገኘው ግን ቁጥር ነው። ቁጥሩም ቢሆን የሚያገለግለው ለዚያችው ለተለማመደባት ተሳቢ ብቻ ነው፤ 6 ሜትር ያህል የሆነውን የባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ተሳቢ 12 ሜትር ካለፈው ከባለ 40ው ጋር ያወዳደረ ሰው፣ አጭሩ ፈጥኖ እንደሚታጠፍ፣ ረጅሙ ዘግይቶ ቢታጠፍም ለመመለስ ሰፊ ቦታ እንደሚጠይቅ ያውቃል።

የቀደሙ ሊቃውንቶቻችን በቃል በሚያዝና በየጊዜው ታስቦ በሚሠራ ነገር መካከል ያለውን ልዩነት በትምህርት ቤታቸው ሥርዓት ለይተው አስቀምጠውት ነበር። ዳዊት የሚደግም ልጅ ትርጓሜውን ሳያውቅ መቶ ሃምሳውን መዝሙር በቃሉ ሊያወርድ ይችላል፤ በዚህም ማንም አይነቅፈውም፤ ንባቡ ትላንት እንደነበረ ዛሬም ያው ነውና። ከቅኔ ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የትላንቱን ጉባኤ ቃና ዛሬ ይዞ ለመምህሩ ቢነግር ይመለስበታል እንጂ አይቆጠርለትም። የኋላ ማርሽ ከቅኔው ወገን ነው። እያንዳንዱ መጋዘን፣ እያንዳንዱ ጠባብ ግቢ አዲስ ሆኖ ይመጣልና፣ ያዳነው የሚመስለው የትላንቱ ቀለም በዚያ ያዋርደዋል።

ባገራችን ይህ ጉድለት ሳይታይ የኖረው ረዳቱ ስለሸፈነው ነው። ከኋላ ቆሞ «ና፣ ና፣ ወደ ግራ ቁረጥ፣ መልስ፣ በቃ!» እያለ የሚጮኸው ልጅ የሹፌሩ ዓይን ሆኖ ኖረ፤ ብዙ አንጋፋ ሹፌርም ችሎታው ከረዳቱ ጉሮሮ የተበደረው መሆኑን ያወቀው ረዳት በሌለበት አገር ካቢን ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ ነው። መሪው በግራ በሆነበት መኪና ተሳቢው ወደ ቀኝ በታጠፈ ጊዜ ነገሩ ከሹፌሩ ዓይን ይሸሻል፤ ያን ጊዜ ያለው አማራጭ ፍሬን ይዞ፣ ከካቢኑ ወርዶ፣ ዞሮ ማየት ነው። ታዲያ ይህንኑ እንደ ነውር የሚቆጥር ተማሪ ስንቱ ነው! የፈተናው ሥርዓትም ራሱ ያበረታታዋል፤ በአሜሪካ እንኳ ተፈታኙ ወርዶ እንዲያይ፣ ወደ ፊትም ወጥቶ እንዲያርም ሲፈቀድለት ሁለቱም ይቆጠሩበታል፤ ቁጥሩ ሲበዛም ነጥብ ይቀነስበታል። የሥራ ባልደረቦቹ ነገ በግቢው ውስጥ ደጋግሞ ስለወረደ ያመሰግኑታል፤ ፈታኙ ግን ዛሬ ይቀጣዋል። በእንግሊዝ ደግሞ የሹፌር እጥረት በበረታበት በ2021 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የኋላ ማርሹ ፈተና ከመንገዱ ፈተና ተነጥሎ ከመንግሥት ፈታኞች ውጭ ላሉም ተፈቀደ፤ ችሎታው በየትም እንደ ትርፍ ነገር መታየቱን ከዚህ እንረዳለን።

የምልክቱን ትምህርት የሚሟገቱለት ሰዎች አንድ ብርቱ ክርክር አላቸው፤ ሳንሸሽ እንመልስለት። ተማሪው ብድር ተበድሮ የመጣ ነው፤ በወደቀ ቁጥር ዳግመኛ ትምህርት፣ ዳግመኛ ክፍያ አለ፤ ከአስተማሪው ጋር የሚግባባውም ብዙ ጊዜ በተሰባበረ እንግሊዝኛና በእጅ ምልክት ነው፤ በዚህ ሁኔታ ስለ ማዕዘን ሐተታ ከማብዛት ቁጥር ሰጥቶ ማሳለፍ ምጽዋት ነው ይላሉ። ለተማሪው ማዘናቸው መልካም ነው። ነገር ግን ፈቃዱን የሰጠው ቁጥር በመጀመሪያው የሥራ ቀን የመጋዘን በር ባስደረመሰው ጊዜ፣ ጉዳቱ ከደመወዙ የሚቆረጠው፣ ከሥራም የሚባረረው ያው ባለ ዕዳ ነው እንጂ ቁጥሩን የሸጠለት አይደለም። ማዕዘን ለማሳየትም ቋንቋ አያስፈልግም፤ ያ ጎበዝ በጠረጴዛ ላይ የገፋቸው ሁለት የክብሪት ቀፎዎች፣ ኮን መቁጠሩን ትቶ ቀስ እያለ ቢገፋቸው ኖሮ፣ የቱ ወዴት እንደሚሄድ ያለ ቃል ያስረዱት ነበር።

መድኃኒቱም አዲስ ሜዳና አዲስ ገንዘብ አይጠይቅም። ተፈታኙ ካቢን ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ፈታኙ ኮኖቹን በአንድ ክንድ ወዲያና ወዲህ ያንሣቸው፤ በተማረበት ተሳቢ ፈንታም በርዝመት የተለየ ይስጠው፤ ወርዶ ለማየትም የፈለገውን ያህል ይፍቀድለት። በመጀመሪያው ወር የሚወድቀው ብዙ ይሆናል፤ አሰልጣኞችም ይጮኻሉ። በሁለተኛው ወር ግን የዙር ቁጥር የሚገዛ ተማሪ ስለማይገኝ፣ አሰልጣኙ ወደደም ጠላም ማዕዘኑን ማስተማር ይጀምራል።