ኮምፒዩተሩን ሳንመረምር ዕቃ አንግዛ

በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ለአንዳንድ ወላጆች የልጅ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በየቤቱ አባትና ልጅን እያኳረፈ ያለ፣ ቀላል የማይባል ገንዘብም እየወሰደ ያለ ጉዳይ በመሆኑ በዝምታ ልናልፈው አልወደድንም። ይኸውም ለጌም መጫወቻ የሚሆንን ኮምፒዩተር በአነስተኛ ገንዘብ የማሻሻል ጉዳይ ነው።

ነገሩን እንድናነሳ ያደረገን አንድ የምናውቀው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። በቤታቸው ከቢሮ የወጣ አሮጌ ኮምፒዩተር አለ። እህቱ የዩኒቨርሲቲ ጽሑፏን ትሠራበታለች፤ እሱ ደግሞ የእግር ኳስ ጌም ይጫወትበታል። ጨዋታው እየተቆራረጠ ስላስቸገረው፣ ሁለት ክረምት የሰፈር ልጆችን ሒሳብ እያስጠና ባጠራቀመው ገንዘብ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድ ገዛ። አባቱ «ልጄ፣ መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ጠይቅ» ብለውት ነበር። መልሱ «አባባ፣ አታስብ፣ እኔ አውቃለሁ» የሚል ነበር። ቤት ወስዶ ኮምፒዩተሩን ሲከፍተው ግን ካርዱ የሚፈልገው ባለ ስድስት ፒን የኃይል ገመድ የለም። ሻጩም «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለው። ልጁ ካርዱን በፌስታል ይዞ ወደ እኛ ሲመጣ ያስጨነቀው የገንዘቡ ነገር ብቻ አልነበረም፤ ለአባቱ ምን ብሎ እንደሚነግራቸው ጭምር ነበር እንጂ።

እኛም ኮምፒዩተሩን አስመጥተን አብረን መረመርነው። ለሌሎችም ትምህርት ይሆናል በማለት ያገኘነውን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ምን ልግዛ?» የሚለው ሳይሆን «ያደከመው ምኑ ነው?» የሚለው ነው። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም። ጨዋታውን ከፍቶ ታስክ ማኔጀር የተባለውን የዊንዶውስ ገጽ መመልከት ይበቃል። ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ዲስኩና ግራፊክሱ እያንዳንዳቸው ስንት በመቶ እንደተያዙ ያሳያል። በልጁ ኮምፒዩተር ላይ 4 ጊጋባይት የሆነው አንድ ነጠላ ራም ሞልቶ ተገኘ። ሃርድ ዲስኩ ያለ ዕረፍት ይሠራል። ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ግራፊክስም አቅሙን ጨርሷል። እንዲህ ያለው ግራፊክስ የራሱ ራም ስለሌለው ከዚያው ከሞላው ራም ላይ ይበደራል። ስለሆነም ችግሩ አንድ ሳይሆን ሦስት ነበር። ከሦስቱ በርካሽ የሚፈታው ደግሞ ራሙ ነው። ሁለተኛ 4 ጊጋባይት ሲጨመርለት መጠኑ በእጥፍ ከማደጉም በላይ፣ ሁለቱ ራሞች ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ፍጥነትም ይገኛል።

ሁለተኛው ጉዳይ የኃይል ነው። ካርዱ 120 ዋት ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ 77 ዋት ነው። ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተጻፈው 275 ዋት በመሆኑ ለተመልካች የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ማዘርቦርዱ በካርዱ መሰኪያ በኩል መስጠት የሚችለው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ቀሪው በተለየ ገመድ መምጣት አለበት። ያ ገመድ ደግሞ በብዙ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ውስጥ የለም። አንድ ጠጋኝ ለልጁ «ከዲስኩ ገመድ ቀጥዬ እሠራልሃለሁ» ብሎት ነበር። እኛ ግን ከለከልነው። የሳታ ዲስክ መሰኪያ በ12 ቮልት በኩል እንዲሸከም የተሠራው ወደ 54 ዋት ገደማ በመሆኑ፣ ከዚያ በላይ ሲጫንበት ሊግልና ሊቀልጥ ይችላል። የቤተሰብ ቤት በእሳት አይሞከርም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ኮምፒዩተር የሚስማማው ከመሰኪያው በሚያገኘው 75 ዋት ብቻ የሚሠራ ካርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ከእነዚህ አንዱ ነው። አንዳንድ አምራቾች ግን ለእርሱም ተጨማሪ ገመድ ስለሚጠይቁ ጎኑን አይቶ መግዛት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውና ጉልበቱ አነስ ያለው ጂቲ 1030 ደግሞ 30 ዋት ብቻ ይበቃዋል። የእርሱም ሁለት ዓይነት ስላለ ጂዲዲአር5 የተባለውን እንጂ ዲዲአር4 የተባለውን እንዳትወስዱ፤ ስማቸው አንድ ቢሆንም ሁለተኛው በጣም ቀርፋፋ ነው። ኬዙ ቀጭን ከሆነም አጭር ካርድ እንጂ ሙሉ ቁመት ያለው አይገባበትም።

ያገለገለ ካርድ ሲገዛ ሌላም አደጋ አለ። የድሮ ካርድ ውስጡ ተለውጦ በአዲስ ስም ይሸጣል። ስለዚህ ገንዘቡ ሳይከፈል ካርዱ እዚያው ተሰክቶ፣ ጂፒዩ-ዜድ በተባለው ነፃ ፕሮግራም መታየትና ጥቂት ደቂቃ ጨዋታ ተከፍቶበት መሞከር ይኖርበታል። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ዘንድ አለመግዛት ነው።

ሦስተኛው፣ ከአቅም በላይ አለመመኘት ነው። ስክሪኑ በሴኮንድ 60 ምስል ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፣ 120 የሚያወጣ ካርድ መግዛት ትርፉ ጥቂት ነው። የጨዋታውን ምስል ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ማውረድ ደግሞ የካርዱን ሸክም ከግማሽ በታች ያደርሰዋል፤ ዋጋውም ባዶ ነው። ኬዙን ከፍቶ አቧራውን ማራገፍም እንዲሁ።

በመጨረሻም ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሊሻገር የሚችለውን ዕቃ ማስቀደም ብልህነት ነው። ኤስኤስዲና ግራፊክስ ካርድ ነገ አዲስ ኮምፒዩተር ቢገዛ ተነቅለው ይሄዳሉ። ዲዲአር3 ራም ግን ዲዲአር4 በሚቀበል ማዘርቦርድ ላይ አይገባም። ስለዚህ ለእርሱ የሚወጣው ገንዘብ ትንሽ ይሁን። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በመደበኛ ደንቡ ከስምንተኛ ትውልድ በፊት የነበሩትን አብዛኞቹን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። የልጁ ኮምፒዩተር ሦስተኛ ትውልድ ነው። በእርሱ ላይ ብዙ ማፍሰስ የሚፈርስ ቤት እንደ መቀባት ይሆናል። በተለይም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው የሚቀለድበት አይደለም።

የወጣቱ ነገር እንዴት ሆነ? እኛ የመከርነው መጀመሪያ ለአባቱ እውነቱን እንዲነግራቸው ነበር። ፈርቶ ነገራቸው። አባቱ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ነገ አብረን እንሄዳለን» አሉት። ካርዱን፣ ኮምፒዩተሩ የሚስማማው ሌላ ወጣት ጥቂት ቀንሶ ገዛው። በዚያ ገንዘብ 1050 ቲአይና አንድ ራም ተገዛ። ኤስኤስዲውን «ለእህትህም ሥራ ነው» ብለው አባቱ ከፈሉ። ኤስኤስዲ ጨዋታውን ቶሎ ይከፍታል እንጂ ምስሉን አያፈጥንም፤ ይሁን እንጂ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ሻይ ታፈላ የነበረችው እህቱ አሁን ሻዩ አይደርስላትም። ከትምህርት ቀን በስተቀር ይጫወታል፤ በሌላው ቀን ኮምፒዩተሩ የእርሷ ነው።

ውድ ወላጆች! ልጁ ቀድሞ ሳይጠይቅ የገዛው ዕውቀት ስላለው ብቻ አይደለም። «ጌም ነው፣ ተወው» የሚለውን መልስ ፈርቶም ነው። ውድ ወጣቶች! እናንተም አባታችሁ ስለ ግራፊክስ ካርድ ባያውቁ ስለ ገበያ ያውቃሉ። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላም።