ኬላና መንገድ

የመንገድ ክፍያ ነገር ለኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ብቻ የተተወ እንዳይሆን እኛም የአርትስ ፋኩልቲ ልጆች የበኩላችንን ልንናገር ወደድን። ድፍረት ነው የሚለን ቢኖር፣ እኛ የመንገድን ነገር የተማርነው በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ለዕረፍት ወደ ደባርቅ በሄድንና በተመለስን ቍጥር ከአውቶቡስ ወንበር ላይ ነው።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከምፅዋ ወደ ጎንደር ይመላለስ የነበረው ሲራራ ነጋዴ ሊማሊሞን ወጥቶ በደባርቅና በዳባት በኩል ሲያልፍ በየኬላው ቀረጥ ይከፍል ነበር። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 በዚያው ዐቀበት ወደ ጎንደር ሲወጣ የቀረጥ ተቀባዮቹን ነገር ታዝቦ ጽፎታል። ነጋዴ ኬላ ሲበዛበት የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ የሚዞርበት ካገኘ ይዞራል፣ ካላገኘ የከፈለውን በአሞሌው ዋጋ ላይ ይጨምራል። ከዚህ ሌላ ሦስተኛ መላ የለውም። የዛሬው ባለ ጭነት መኪናም ከዚያ ነጋዴ በምንም አይለይም።

እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ እንመልከት። አሽከርካሪው እንደ ርቀቱና እንደ መኪናው ዓይነት ይከፍላል። በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ የሚያልፈው አሮጌው መንገድም አልተዘጋም። ስለዚህ የቸኮለ ከፍሎ ይሄዳል፤ ያልቸኮለ በአሮጌው ይጓዛል። ምርጫ አለና መልካም ነው እንላለን። ነገር ግን አንድ የተገላቢጦሽ ነገር እናያለን። ለንደን እ.ኤ.አ. በ2003፣ ስቶክሆልምም እ.ኤ.አ. በ2006 በሙከራ ክፍያ ሲጀምሩ የጫኑት በተጨናነቀው መሃል ከተማ ላይ ነበር፤ በስቶክሆልም የመኪናው ብዛት 20 በመቶ ያህል ቀነሰ። እኛ ግን የምናስከፍለው በሰፊው መንገድ ሲሆን፣ ጠባቡና ሰው የሚበዛበት ነፃ ነው። ታሪፉ በከበደ መጠን ከባዱ መኪና ሕፃናት ወደሚሻገሩበት የከተማ አስፋልት መመለሱ አይቀርም። ታሪፍ አውጪዎች ሒሳባቸውን ሲሠሩ ይህንንም ይደምሩልን።

ወደ አገራችን ወደ ደባርቅ ስንመለስ ጕዳዩ ይብሳል። ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዳባትና በአምባ ጊዮርጊስ ከሚያልፈው በቀር ለጭነት መኪና የሚሆን ሌላ መንገድ የለም። አንድ ጊዜ ስንመለስ በመንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሮ አገኘን። ረዳቱ ወርዶ ብር ሰጠ፤ ደረሰኝ አልተቀበለም፤ ገመዱም ረገበ። ከፊታችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ «ይህ ደግሞ የምን ኬላ ነው?» ቢሉ ሾፌሩ፣ «ዝም ብለው ይቀመጡ አባቴ፣ ከቲኬቱ ላይ ታስቧል» አላቸው። ለካ ከፋዮቹ እኛው ነበርን! ከኋላችን የቆመው ድንች የጫነ አይሱዙም እንዲሁ ከፍሎ አለፈ። ያን ገንዘብ ጎንደር ላይ ገዢው በኪሎ ይከፍለዋል፤ ገዢው እንቢ ካለ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ከዳባት ገበሬ ዋጋ ላይ ይቀነሳል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ጥገና ይፈልጋል፤ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» ብለው ይከራከሩናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ የተቋቋመው ለጥገና በነዳጅ ላይ ተጨምሮ ከሚከፈል ገንዘብ ነው። ባለ አይሱዙው ገመዱ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ማደያው ላይ ከፍሏል ማለት ነው። ደግሞስ ያ የገመድ ብር ለየትኛው ጠመዝማዛ ጥገና ሲውል ታየ?

እንግዲህ ክፍያ የግድ ነው ከተባለ ዋጋው በሰሌዳ ይጻፍ፤ ደረሰኝ ይቆረጥ፤ የተሰበሰበውና የዋለበትም በየዓመቱ ለደባርቅና ለዳባት ሕዝብ ይነገር። ይህ እስኪሆን ድረስ ገመዱ ይፈታ።